የተደፈኑት ሰባት ቀዳዳዎች

መጀመሪያ እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቀለለ። ከዚያ ቀኝ መዳፉን በቁም ሳጥኑና በግድግዳው መሀል አሾልኮ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ፣ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ ዳሰሰ። ከወለሉ እስከ ጉልበት ከፍታ ድረስ እንጨቱ ቀዝቃዛም እርጥብም ነበር፤ ከዚያ በላይ ቀዝቃዛ ብቻ። እጁን አወጣና ጣቶቹን አሸተተ። ዝናብ መቶት ሳይሰጣ የከረመ ጆንያ ሸተተው። ከደረት ኪሱ ወስፌ መዘዘና የታችኛውን አግዳሚ ወጋ አደረገው። ጤነኛ እንጨት ወስፌ ይመልሳል፤ ይሄኛው እንደ ትኩስ ዳቦ ዋጠው።

«እህ» አለ ለራሱ።

ቁም ሳጥኑን አንዴ በግራ ጎኑ አንዴ በቀኝ ጎኑ እየገፋ ወደ ክፍሉ መሀል አወጣው። የተጋለጠውን ግድግዳ በደረቅ ጨርቅ ወለወለ። ምግብ ከሚጠቀለልበት ብርማ ወረቀት መዳፍ የሚያህል ቆርጦ ግድግዳው ላይ አስቀመጠና አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያሳልፍ በፕላስተር አሸገው። በመጨረሻ ጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ አውርዶ ፕላስተሩ ላይ «ረቡዕ ጠዋት» ብሎ ጻፈ።

«የታመመው ቁም ሳጥኑ፣ ፋሻ የሚታሰረው ለግድግዳው!» አለች እህቱ አልጋዋ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች።

«ግድግዳውን አንድ ነገር ልጠይቀው ነው፣ እትዬ።»

«ሰው አልበቃህ ብሎ ከግድግዳ ጋር ማውራት ጀመርክ?»

ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ለምን» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት አባቱ ናቸው፤ ገና በአምስት ዓመቱ መላጊያው ለምን እንጨቱን እንደሚላጭ፣ ሙጫው ለምን እንደሚሸት፣ ሚስማሩ ለምን ራስ እንዳለው እየጠየቀ በእንጨት ሥራ ቤታቸው ሲያስመሻቸው። አባቱ አናጢ ነበሩ። እሱም አናጢ ሆነ። አሁን ስልሳ ዓመት ሞልቶታል፤ አዲስ ዕቃ መሥራት ትቶ የሰው አሮጌ ዕቃ ይጠግናል። የተሰበረ ወንበር ይዛችሁ ብትሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ማን እንደሚቀመጥበትና እንዴት እንደሚቀመጥ ነው። «ወንበሩን ሰባሪው ካልታወቀ ተመልሶ ይመጣል» ይላል። ደንበኞቹ ጥያቄው ቢያሰለቻቸውም ይመለሳሉ፤ ዕቃቸው ግን አይመለስም።

የእህቱ ቁም ሳጥን ብቻ ተመለሰ። ያውም ሁለት ጊዜ።

ይህን ቁም ሳጥን አባታቸው ናቸው የሠሩት፣ እህቱ የመጀመሪያ ጎጆዋን የወጣች ጊዜ። አባታቸው በሕይወታቸው ከሠሩት ዕቃ ሁሉ ዛሬ ቤተሰቡ እጅ ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ሌላው ተሸጧል፣ ተሰጥቷል፣ ከቤት ወደ ቤት ሲጓዝ ጠፍቷል። ባለ ሁለት በር ነው፤ አናቱ ላይ ቅጠልና ወፍ የተቀረጸበት ዘውድ አለው። እህቱ ባሏ ከሞተ በኋላ፣ ከአራት ዓመት በፊት፣ ከፎቅ ቤቷ ወርዳ ምድር ቤት ያለችውን ይህችን አንድ ክፍልና ኩሽና ስትይዝ አብሯት ወረደ። በመጀመሪያው ክረምት ጀርባው ሻገተ።

ጋሽ ለምን መጥቶ ሻጋታውን ፍቆ ጀርባውን በወፍራም ላስቲክ አልብሶ በሚስማር መታው። በሦስተኛው ክረምት ከላስቲኩ ሥር ውሃው ተንቆረዘዘ፤ የተሸፈነው ጣውላ ካልተሸፈነው ቀድሞ በሰበሰ። ጣውላውን ቀየረ፤ አዲሱን ውስጡንም ውጪውንም ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባው። ይኸው ደግሞ ሦስተኛው ሻጋታ፤ የሟች የእህቱ ባል ሙሉ ልብስ ኮሌታ ላይ ሳይቀር አረንጓዴ ዱቄት ነስንሷል።

በዚህ ላይ እህቱን ሳል ይዟታል። ልጇ ነርስ ናት፤ የእናቷን ደረት ካዳመጠች በኋላ አልተለሳለሰችም። «የብረት ቁም ሳጥን ገዝቻለሁ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ መኪና ይዤ እመጣለሁ፤ አዲሱን አውርጄ አሮጌውን እጭናለሁ። እንጨት ፈላጭ አነጋግሬያለሁ» አለች።

«የአያትሽ እጅ ሥራ እኮ ነው» ብሏት ነበር ጋሽ ለምን።

«አውቃለሁ ጋሼ። ግን የምታስለው እማ ናት እንጂ ቁም ሳጥኑ አይደለም።»

ስለዚህ ነው ረቡዕ ጠዋት ግድግዳ ላይ ብርማ ወረቀት ለጥፎ የሄደው።

ዓርብ ማለዳ ተመልሶ ሲመጣ እህቱ ገና በሩን ሳትከፍት ከውስጥ፣ «ግድግዳው ምንም አልተነፈሰም!» አለችው። ሁለቱም ወረቀቱ ፊት ቆሙ። ጋሽ ለምን መነጽሩን አድርጎ አጎነበሰ። የወረቀቱ ፊት፣ ወደ ክፍሉ የዞረው፣ በጥቃቅን ጠብታ ተሞልቷል። ጣቱን ቢያሳልፍበት መንገድ አወጣ። ከዚያ ፕላስተሩን በጥፍሩ ላጠና ወረቀቱን ገልብጦ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የነበረውን ወገን ዳሰሰው። ደረቅ። ግድግዳውም ከወረቀቱ ሥር ደረቅ።

«ይገርማል!» አለ። ፊቱ እንደ ልጅ በራ።

«ምኑ?»

«አራት ዓመት ሙሉ ይህን ግድግዳ ስረግመው ኖርኩ። ከውጪ ውሃ ያሳልፋል ብዬ። ቢያሳልፍ ኖሮ ከወረቀቱ በስተጀርባ ነበር የሚረጥበው። ውሃው ከግድግዳው ወደ ክፍሉ አይደለም የሚመጣው፣ እትዬ። ከክፍሉ ወደ ግድግዳው ነው የሚሄደው። አየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ጠብታ ይሆናል። ቀዝቃዛው ደግሞ ይህ የውጪ ግድግዳ ነው።»

«እና ውሃውን ወደ አየሩ ማን ጨመረው?»

ጋሽ ለምን ቀና ብሎ ከመስኮቱ እስከ በሩ የተወጠረውን ገመድ አየ። ሁለት አንሶላ፣ አራት ቀሚስ፣ አንድ ፎጣ። የአንሶላው ጫፍ ገና ጠብ ይላል።

«በዝናብ የት ላስጣው? ጭንቅላቴ ላይ?» አለች አስተያየቱ ገብቷት።

«በረንዳው ላይ ጣሪያ አለ እኮ።»

«በረንዳው ላይ ጎረቤት አለ! የውስጥ ልብሴን እያየች የምትቆጥር!»

«ትቁጠራ! ብትሳሳት ታርሚያታለሽ።»

እህቱ ሳቋን ለመደበቅ ሳለች፤ ሳሉ ግን እውነተኛ ሆኖ ያዛት። እስኪለቃት ጠበቀና መስኮቱን ሊከፍትላት ሄደ። አልከፈት አለው። ጠርዙ በስቱኮ ተደፍኗል። የደፈነው እሱ ራሱ ነው፣ አምና፣ «ብርድ ገባኝ» ስላለችው። በመሮ መፈልፈል ጀመረ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ቀላል ነበር። ግን ጋሽ ለምንን አንድ ነገር ከነከነው። እንፋሎቱስ እሺ፣ ጀርባውን አሻገተ። የታችኛው አግዳሚ ለምን በሰበሰ? ለዚያውም በአራት ዓመት? ይህ እንጨት ጠንካራ ነው፤ አባቱ ለስላሳ እንጨት በእጃቸው አይነኩም ነበር።

ሻይ ልታፈላለት ወደ ኩሽና ስትገባ ተከተላት። ወለሉ ገና መታጠቡ ነው፤ ውሃው ወደ ቱቦው ይወርዳል። የኩሽናው በር እንዳይዘጋ ከሥሩ እንጨት ተሸጉጦለታል። ጋሽ ለምን ያን እንጨት ስንት ጊዜ በእግሩ ገፋ አድርጎ አልፏል! ዛሬ ግን ቆመ።

«ይህቺ ምንድን ናት?»

«የበር መደገፊያ ናታ።»

«ከየት መጣች?»

«ራስህ ነህ የሰጠኸኝ! ቁም ሳጥኑን ያስገባን ቀን። ዘውዱ ጣሪያውን ነክቶ አልቆም ሲል እግሮቹን በመጋዝ ቆረጥካቸው አይደል? ሦስቱ ጠፉ፣ አንዷን ለበሩ አደረግኳት።»

ጋሽ ለምን እንጨቷን አነሳት። አራት ጣት ትረዝማለች። በወስፌው ወጋት፤ ወስፌው ተመለሰ። እንደገና፣ በኃይል፤ ወስፌው ተንሸራቶ ጣቱን ሊወጋው ምንም አልቀረው። አንድ እንጨት፣ አንድ አናጢ፣ አንድ ቤት፣ እኩል አራት ዓመት። ክፍል ውስጥ የቆመው አካሏ በሰበሰ። እሷ በየቀኑ በሚታጠብ ወለል ላይ ቆማ ጠጠር ሆና ቀረች።

«ለምን?» አለ ጮክ ብሎ።

«ጀመረው» አለች እህቱ ለማንቆርቆሪያው።

እንጨቷን ገለበጣት። ሶሏ፣ ወለል የሚነካው ወገን፣ ጠቆር ብሎ ያብረቀርቃል። በጥፍሩ ቢፍቀው ቢጫ ነገር ከጥፍሩ ሥር ገባ። አሸተተው። ሰም! ዓይኑን ጨፈነ፤ አባቱ በቆርቆሮ ሰም አቅልጠው የቁም ሳጥኑን እግሮች አንድ በአንድ ሲነክሩ ታየው። እንጨት ውሃ የሚጠጣው በጎኑ አይደለም፣ በተቆረጠ ጫፉ ነው፤ ጫፉ የገለባ እስር ማለት ነው። አባቱ የገለባውን አፍ በሰም ዘግተውታል። እሱ ደግሞ አፉን ከነሰሙ ቆርጦ ጣለና የተከፈተውን ጉሮሮ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ አቆመው።

ሻዩን ሳይጠጣ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። አሁን ቁም ሳጥኑን ያየው እንደሚጠግነው ዕቃ ሳይሆን እንደ ደብዳቤ ነው። «አባቴ እዚህ ላይ ሌላ ምን ጽፎ ነበር?» እያለ በመዳፉ አነበበው። በሮቹን፣ ጎኖቹን፣ የጀርባውን የላይኛውን አግዳሚ። እዚያ መዳፉ ቆመ። ከቀለሙ ሥር እብጠት አለ። ክብ፣ የሳንቲም ያህል። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ። በእኩል ርቀት፣ በመስመር፣ ሰባት።

ዓይን አያያቸውም፤ በጣም ጥሩ ሥራ ነው። ጥሩ መሆኑን ያወቀው የራሱ ሥራ ስለሆነ ነው። የቁም ሳጥኑን እግር በቆረጠበት ቀን አግዳሚው ላይ ሰባት ቀዳዳ አግኝቶ ነበር። አባቱ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። «ሽማግሌው መስቀያ ሊያደርጉበት አስበው ትተውት ይሆናል» ብሎ ለእያንዳንዱ ክብ ውታፍ ጠርቦ፣ በኮላ ደፍኖ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ቀለም አመሳስሎ ቀባው። የሠለጠነ እጅ ክፍት ቀዳዳ አይቶ ማለፍ አይችልም፤ ያሳክከዋል። አሁን እርጥበቱ ውታፎቹን አሳብጦ ወደ ላይ ገፍቷቸዋል።

ጎንበስ ብሎ የውስጡን ወለል ጣውላ ዳሰሰ። እዚያም ያን ቀን የደፈናቸው ሰባት።

አልጋው ላይ ቁጭ አለ።

«ምነው? አመመህ?» አለች እህቱ ብርጭቆውን ይዛ እንደቆመች።

«ከታች ይገባል፣ ከላይ ይወጣል» አለ። «አየር ነው፣ እትዬ። ከእግሮቹ መሀል ገብቶ፣ በልብሱ መሀል አልፎ፣ በጀርባ በኩል ይወጣ ነበር። የመጀመሪያ ቤትሽ ከምንጭ አጠገብ፣ እርጥብ መሬት ላይ አልነበር? አባባ የሠራው ለዚያ ቤት ነው። እኔ ነኝ አፍንጫውንም አፉንም የደፈንኩት። ዕድሜ ልኬን ለምን ስል ኖሬ ያን ቀን አንድ ጊዜ ለምን አላልኩም።»

እህቱ ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ ብርጭቆውን አቀበለችው። «ጠጣ። ነገ ቅዳሜ ነው።»

ቀዳዳውን መክፈት ቀላል ነበር፤ በመሰርሰሪያ ከምሳ በፊት አሥራ አራቱንም ከፈታቸው፤ ነፍሳት እንዳይገቡባቸው ከውስጥ ቀጭን የሽቦ ወንፊት አለበሳቸው። የበሰበሰውን አግዳሚ ጤነኛ እንጨት እስኪያገኝ ቆርጦ አዲስ አስገባ። የተቸገረው እግሩ ላይ ነው። አራት ጣት እግር ቢመልስለት ዘውዱ ጣሪያ ይነካል፤ እዚያው የተጀመረበት ቦታ።

«ዘውዱን መቁረጥ ሊኖርብኝ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔን ቁረጠኝ!» አለች እህቱ። «ወፏን ልትነካ! አባባ ስድስት ሳምንት የቀረጸውን?»

«እትዬ፣ ወይ ዘውድ ነው ወይ እግር።»

«ወይ ፍንክች!»

ወንበር ላይ ወጥቶ የት ጋ ቢቆርጥ ጉዳቱ እንደሚያንስ ለማየት በዘውዱ ጀርባ እጁን አሳለፈ። አቧራ፣ የሸረሪት ድር፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ብረት። የብሎን ራስ። በአቧራው ውስጥ ጣቱን አስኬደ፤ ሌላ ብሎን፤ ሌላም። አራት ብሎኖች። ኮላ የለም፤ ሚስማር የለም። ዘይት ጠብ አድርጎ መፍቻውን አዞረ፤ ትናንት እንደታሰሩ ሁሉ ለቀቁ። ዘውዱ ከነወፉ፣ ከነቅጠሉ፣ እንደ ባርኔጣ ተነሳ።

ወንበሩ ላይ እንደቆመ ዘውዱን ታቅፎ ሳቀ። ሳቁ ረዘመ፤ መጨረሻው ላይ ሳቅ ብቻ አልነበረም። «ሽማግሌው ዝቅ ያለ ጣሪያም አስበውበት ነበር! አራት ብሎን መፍታት ሲበቃኝ አራት እግር ቆረጥኩ!»

«እግዜር ይይልህ!» አለች እህቱ፤ እሷም ግን እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ታብስ ነበር።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ነርሷ ስትመጣ መኪናው በር ላይ ቆመ። ገብታ የመጀመሪያ ያየችው ክፍት መስኮት ነው። ቀጥሎ ገመዱ ከክፍሉ መጥፋቱን አስተዋለች። ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው አራት ጣት ርቆ፣ ሰም በጠጡ አዲስ እግሮች ላይ፣ ያለ ዘውዱ ቆሟል። ዘውዱ ከመግቢያው በር በላይ በውስጠኛው ደረቅ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

«ጋሼ፣ ሦስተኛ ጊዜህ ነው» አለች ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ።

«አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝና ከዚያ ጫኚው።» ከጥጥ የመዘዘውን ስስ ክር ሰጣት። «በክፍተቱ አሾልከሽ ከላይኛው ቀዳዳ ፊት ያዢው። በሮቹን ዝጊ።»

ክሩን ያዘችው። ተንጠልጥሎ ቀረ። ጋሽ ለምን ጫማውን ያይ ነበር። ከዚያ ክሩ በጣም በቀስታ፣ የሆነ ሰው እፍ እንዳለው፣ ወደ ውጪ ዘመም አለ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ዘመመ።

ነርሷ ወደ ሁለተኛው ቀዳዳ ወሰደችው። ወደ ሦስተኛው። ሰባቱንም አዳረሰች፤ ደረት ስታዳምጥ የምታሳየው ፊት ነበር የነበራት። «ይተነፍሳል» አለች በመጨረሻ፣ ሳትወድ በግዷ ፈገግ ብላ።

«ቫርኒሽስ? አልቀባኸውም እኮ» አለች ቀጥላ።

«በውስጡ ውሃ እያለ ብቀባው ውሃውን ነው የማሽገው፤ አምና እንዳደረግኩት። መጀመሪያ ይድረቅ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጀርባውንም ሆዱንም እኩል እቀባዋለሁ። የፊቱን ብቻ መቀባት ለእንግዳ ነው።»

ነርሷ እናቷን አየች። እናቷ ደግሞ፣ ስለ ጎረቤቷ ዓይን ምንም እንዳልተናገረች ሁሉ፣ «ልብሱን በረንዳ ላይ አውጥቼዋለሁ» አለች።

«ክረምቱ እስኪወጣ» አለች ነርሷ። «እስከዚያ የብረቱ እኔ ቤት ይቆያል። አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ካየሁ፣ ጋሼ፣ የአያቴም ቢሆን አልምርም።»

ክረምቱ ወጣ። ጋሽ ለምን በየሳምንቱ እየመጣ ብርማ ወረቀት ይለጥፍና ያነሳ ነበር፤ ጠብታው ቀነሰ፣ ከዚያ ላብ ብቻ ሆነ፣ ከዚያ ምንም። ነርሷ የመጨረሻው ዝናብ ባቆመ ሳምንት መጥታ የቁም ሳጥኑን ጀርባ በነጭ ፎጣ ከላይ እስከ ታች ጠረገችው፤ ፎጣውን ወደ ብርሃን ወስዳ አየችው፤ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የብረቱን ቁም ሳጥን ለራሷ ልብስ አደረገችው። የእህቱ ሳል ቀለል ብሏል። ጋሽ ለምን ቀዳዳዎቹ ናቸው ይላል፣ ነርሷ መድኃኒቱ ነው ትላለች፣ እህቱ ሁለቱንም «እሺ» ትላቸዋለች። የኩሽናውን በር ዛሬ የሚደግፈው ድንጋይ ነው፤ የቀድሞዋ መደገፊያ በጋሽ ለምን የእንጨት ሥራ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ሶሏን ወደ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

ይህን ለሚያነብ ሰው ጋሽ ለምን አንድ ልመና አለው። «ዛሬውኑ አንዱን ቁም ሳጥናችሁን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጉና መዳፋችሁን ጀርባው ላይ አሳርፉ። እርጥብ ከሆነ ቫርኒሽ ልትገዙ አትሩጡ፤ ውሃው ከየት እንደመጣ መጀመሪያ ግድግዳውን ጠይቁት። ደግሞ በአሮጌ ዕቃ ላይ ለምን እንደሆነ የማታውቁት ቀዳዳ ብታገኙ፣ እባካችሁ፣ ከመድፈናችሁ በፊት የሠራው ሰው በሕይወት ካለ ሄዳችሁ ጠይቁልኝ።»